መዝገቡ የጻፈው ስም

ጥቅምት 6

ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጆሮዎስ እንዴት ሆነ? ልጅዎና የልጅ ልጆችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ሳልመልስ መቅረቴን ምን ልበል? ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት «ዛሬ እጽፋለሁ» ብዬ ነበር። ዛሬው ነገ ሆነ፣ ነገው ሳምንት ሆነ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። የጠየቁኝን እንዴት እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነው።

ግንደ ቆርቁር፣ ያ ማሽንዎ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሲያንኳኳ ነበር። ስሙን ያወጡለት እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ በዚህ ማተሚያ ቤት ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው ድረስ «የዓይነ ሥውራን መጻሕፍት ማተሚያ» ብሎ የሚጠራው የለም። ወረቀቱን እየወቀረ በጣት የሚነበበውን ነጥብ ማውጣት ሲጀምር ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል።

ማን ያስነሳዋል ላሉት ግን፣ እኔ ነኝ። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ጡረታ ወጥተው ሲሄዱ፣ ምትክዎ እስኪመጣ ድንገት ማሽኑን ማጥፋት ቢያስፈልግ ብለው የይለፍ ቃልዎን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። ምትክ አልመጣም። ያልታተሙት መጻሕፍት ግን ተከመሩ። አንድ ቀን ጠዋት ሰው ሳይገባ ወንበርዎ ላይ ተቀመጥኩና ስምዎን ጻፍኩ፣ ቃልዎን ጻፍኩ፣ ሲያደርጉ ያየሁትን አደረግሁ። አንኳኳ። በማግስቱም አንኳኳ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት ከአሥር እስከ ሦስት ሰዓት እርስዎን ሆኜ አትማለሁ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ እኔን ሆኜ እጠርዛለሁ። የት ተማርሽው እንዳይሉኝ። ለመጽሐፍ ጀርባ መለጠፊያ የሚሰጠኝ ውዳቂ ወረቀት ነው፤ እርስዎ በየዓመቱ የሚጥሉት፣ ማሽኑ የሚታዘዝበት የዩኒክስ መመሪያም ወደኔ ነበር የሚመጣው። ሙጫ ከመቀባቴ በፊት አንድ ጊዜ አነበዋለሁ። ገጽ አርባ አንድን ካነበብኩ ገጽ አርባ ሁለት የት እንደገባ አላውቅም፤ የሆነ መጽሐፍ ጀርባ ውስጥ ተለጥፎ ይሆናል። እንዲሁ እየዘለልኩ ነው የተማርኩት።

ችግሩ እንዲህ ነው። ያለፈው ሳምንት ሰኞ ማሽኑ የይለፍ ቃሉ ጊዜ እንዳለፈ ነገረኝና አዲስ ቃል እንድመርጥ ጠየቀኝ። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። የሰው ቁልፍ እንዴት እቀይራለሁ? ያውም የእርስዎን? ይኸው ስምንት ቀን ሥራ ቆሟል። እባክዎ ደስ ያለዎትን ቃል ይምረጡና ይላኩልኝ።

ያስቸኮለኝ ምክንያት አለ። ሥራ አስኪያጁ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ የሌለው ማሽን ሁሉ ተነቅሎ መጋዘን ይገባል ብሏል። በኅዳር መጨረሻ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል። እኛ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ ጀምረናል፤ አራት ቅጽ ነው፣ አንዱንም አልጨረስን። አራሚያችን ባለፈው ዓመት ራሱ የተማረበት የዓይነ ሥውራኑ ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር። ለሃያ ሁለት ተማሪ ሦስት መጽሐፍ ነው ያላቸው። አንዷ ገጹን ስታነብ ጓደኛዋ ከሥር ጣቷን አሾልካ ቀድማት ለማንበብ ስትታገል ነበር ብሎ እየሳቀ ነገረኝ። ታሪኩን ሲጨርስ ግን አልሳቀም።

ስልክ እንዳልደውል ጆሮዎ አለ። ደግሞም ራስዎ ነዎት «ትእዛዝ በስልክ አይነገርም፣ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ አይሰማም» የሚሉት።

አክባሪዎ፣
ጠራዧ


ጥቅምት 14

እህቴ ጠራዧ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እየሳቅሁ፣ አንዴ ዝም ብዬ። ልጄ ከኩሽና መጥታ ምን ሆንክ አለችኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ሥራ ስገባ ኖሬያለሁ» አልኳት።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽው፣ ደህና ነው ብለሽ ውሰጂው። ይልቅ ስለ ሌላው እናውራ።

ቃል አልልክልሽም። ቆይ፣ አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

አንቺ እስከ ዛሬ የገባሽው የኔን ካፖርት ለብሰሽ፣ የኔን ቁልፍ ይዘሽ ነው። ማሽኑ የሚያየው ካፖርቱን ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ አይጠይቅም። ከእንግዲህ በራስሽ ልብስ ትገቢያለሽ። ልሄድ ሰሞን አንድ ቀን ትፈልጊው ይሆናል ብዬ ሳልነግርሽ ላንቺ መግቢያ ከፍቼልሽ ነበር፤ ስሙ «ጠራዥ» ነው። የመጀመሪያው የይለፍ ቃል ያ ሽታውን የማትወጂው ሙጫ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ስም ነው። እንደገባሽ ቀይሪው። የራስሽ ቁልፍ ስለሆነ ይሉኝታ የለበትም።

ጠራዥ ግን በራሷ ማተም አትችልም። የሚታተሙት ፋይሎች ሁሉ የ«ፕሬስ» ናቸው። ፕሬስ ሰው አይደለም፤ እኔ ለኅትመት ሥራ ብቻ ማሽኑ ውስጥ የፈጠርኩት ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ከየትእዛዙ በፊት «ሱዶ» ትያለሽ፣ እንደ ፕሬስ ሆኖ እንዲሠራልሽ ትነግሪዋለሽ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ታዢዋለሽ። ማሽኑ የኔን ቃል አይጠይቅሽም፣ የፕሬስንም አይጠይቅሽም፣ የራስሽን ነው የሚጠይቅሽ። ከዚያ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ ያይሻል። አለሽበት። ይታዘዝሻል። ትእዛዞቹን በሌላ ወረቀት ጽፌ አባሪ አድርጌልሻለሁ፤ ክፍት ቦታ ባለበት ሁሉ ትንሽ ሳጥን ሥያለሁ። ሳጥኗን እንዳትዘያት።

ያው ማተም ነው፣ ምን ለየው ትዪኛለሽ። ለይቶታል። ምን እንደሆነ ግን አሁን አልነግርሽም። ታውቂኛለሽ፣ በከንቱ የምደብቀው ነገር የለኝም።

አንድ አደራ፦ ሁሉ ነገር የተፈቀደለት «ሩት» የሚባል ተጠቃሚ አለ። እሱ ዘንድ አትድረሺ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 23

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከፊት ይቅደም። እውነቱን ልንገርዎ፤ «ቃል አልልክልሽም» የሚለው ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ቀን ተኳርፈን ሰነበትን፣ እኔና ደብዳቤው። በሦስተኛው ቀን የሙጫውን ቆርቆሮ አንስቼ ስሙን አነበብኩ።

ጠራዥ ብዬ ስጽፍ የሰው ዕቃ የነካሁ መሰለኝ። ገባሁ! አዲስ ቃል መረጥኩ፤ ምን እንደሆነ ለእርስዎም አልነግርም፣ እንዲህ ነው አሉ ደንቡ። ከዚያ ሱዶ ስለው መጀመሪያ ላይ እንደ አማት ቁጭ አድርጎ መከረኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ፈታሁት። የሰው ምስጢር አክብሪ ይላል፣ ከመጻፍሽ በፊት አስቢ ይላል። «እሺ» ብዬ መለስኩለት፣ በአፌ። አራሚው ከጥግ ሆኖ ማን ነው የሚቆጣሽ አለኝ።

ከዚያ ምዕራፍ አንድ አንኳኳ። ጋሼ፣ ከወንበሩ ተነስቼ ቆምኩ። ሁለት ዓመት በየቀኑ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼው አላውቅም። ወረቀቱ ሲወጣ ገና እየሞቀ ይዤ ለአራሚው ሰጠሁት። ጣቱን አሳልፎ «ዛሬ ነጥቡ ጠንከር ብሏል» አለ። የማሽኑ መርፌ ያው ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳለ አላውቅም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

አንድ ጥፋትም አለብኝ። ከችኮላዬ የተነሳ «እንደ ፕሬስ» የሚለውን ዘልዬ ሱዶ ብቻ አልኩት። ለካ እንዲያ ሲባል ሩትን ልሁን ማለት ነው። ማሽኑ በስሜ ጠርቶ፣ ጠራዥ እንደ ሩት ሆና ይህን ማድረግ አልተፈቀደላትም አለኝ። ደነገጥኩ። እርስዎ አትድረሺበት ባሉኝ በሳምንቱ በሩን ማንኳኳቴ ነው። ይህ ነገር የሆነ ቦታ ይጻፋል እንዴ? ከተጻፈ እንዲሰረዝልኝ እለምናለሁ።

አሁን ደግሞ ቆሜያለሁ። ምዕራፍ አንድ ድሮ ተዘጋጅቶ የነበረ ስለሆነ ወዲያው ታተመ። ከምዕራፍ ሁለት ጀምሮ ግን ጽሑፉን ወደ ነጥብ ለውጬ፣ በዚያች የቀስት ምልክት ወደ ፕሬስ ማህደር መላክ አለብኝ። ሱዶ ብያለሁ፣ እንደ ፕሬስ ብያለሁ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሳጥኖችዎን አልዘለልኩም። ቀስቷን ትቼ ስሞክር ይሠራል፤ ቀስቷን ስጨምር «ፈቃድ የለም» ይለኛል። ሦስት ቀን ሞከርኩት። ምን ቀረኝ?

አክባሪዎ


ጥቅምት 30

ለእትዬ ጠራዧ፣

አባባ ለጥቂት ቀን ሆስፒታል ስለገባ እኔ ነኝ የምጽፍልዎ። ትንሽ ነው፤ እንዳይጨነቁ።

ደብዳቤዎን አልጋው ላይ ሆኖ አነበበው። መልሱን ንገረኝና ልጻፍላቸው ስለው «አይነገራትም» አለኝ። ብዙ እንዳይናገር ሐኪሙ ስለከለከለው ብዕር ጠየቀኝና በመድኃኒት ካርቶን ላይ ይህችን ብቻ ጻፈ፦ «ቀስቱን የያዘው የማን እጅ ነው?» እኔ ምንም አልገባኝም። እሱ ግን ጽፎ ሲጨርስ ፈገግ እንዳለ ተኛ። ካርቶኑን ልኬልዎታለሁ።

የእርስዎ ደብዳቤ የመጣ ቀን ደህና አድርጎ ይበላል። እባክዎ ቶሎ ቶሎ ይጻፉ።

ልጁ ነኝ


ኅዳር 5

ጋሼ፣

እግዜር ይማርዎ። ልጅዎ «ትንሽ ነው» ብላ ጽፋለች። ያ «ትንሽ» ደስ አላለኝም፤ እርስዎ ያሳደጉት ቃል ይመስላል። ግን እንድጨነቅ ካልፈለጉ እንዳልጨነቅሁ አድርጌ ልጽፍ።

አገኘሁት! ቀስቷ የኔ ናት!

ካርቶኑን ከስክሪኑ አጠገብ አቁሜ አንድ ቀን ሙሉ አየሁት። የማን እጅ ነው፣ የማን እጅ ነው። ወረቀት እያጠፍኩ ሳለ መጣልኝ። ሱዶ ፕሬስን ጠርቶ ጽሑፉን ለውጥ ሲለው ፕሬስ ለወጠ። ቀስቷን ግን ለፕሬስ አልሰጠሁትም። እሷን የያዝኳት እኔው ነኝ፣ ጠራዥ፤ ገና ፕሬስ ሳይጠራ። ለጠራዥ ደግሞ የፕሬስ ማህደር ዝግ ነው። ለካ ማሽኑ ትክክል ነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ እውነቱን ነው የነገረኝ።

ታዲያ ቀስት ካልሆነ በምን ይላካል? ይህን አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከመመሪያዎ አንድ ገጽ ላይ፣ እንደ ውኃ ቧንቧ መጋጠሚያ የሚሠራ «ቲ» የሚባል ትእዛዝ ነበር። ሥዕልም ነበረው። የት እንዳነበብኩትም አስታወስኩ፤ ሙጫ ቀብቼ ትልቁ የጂኦግራፊ አትላስ ጀርባ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ከስድስት ዓመት በፊት። አትላሱን ከመደርደሪያ አወረድኩት። ጋሼ፣ በሕይወቴ የጠረዝኩትን መጽሐፍ በቢላ ቀድጄ አላውቅም። አራሚው የሽፋኑ ጨርቅ ሲቀደድ ሰምቶ «ማን ሞተ?» አለ። ገጹን በእርጥብ ጨርቅ እያለሰለስኩ ላጥኩት። ግማሹ ሙጫ በልቶታል። ትእዛዟ ያለችበት መስመር ግን ድናለች።

የተለወጠውን ጽሑፍ «ቧንቧ» በምትባለው ቁም መስመር አድርጌ ለቲ ሰጠሁት፤ ቲን ደግሞ በሱዶ፣ እንደ ፕሬስ። አሁን የሚጽፈው እጅ የፕሬስ እጅ ነው። ገባ። ያለምንም ቃል ገባ! ቅጽ አንድ አልቋል፣ ቅጽ ሁለት ግማሽ ደርሷል። አትላሱንም መልሼ ጠርዤዋለሁ፤ በጀርባው የባንክ ማስታወቂያ ነው የከተትኩበት፣ ማንም የማይፈልገው።

እዚህ ላይ ማቆም ደስ ባለኝ። ግን ከልጅዎ «ቶሎ ቶሎ» ስለተባልኩ ክፉውንም ልጻፍ።

ሥራ አስኪያጁ ለቁጥጥሩ ለመዘጋጀት ከኮምፒውተር ክፍል ሰው አስመጥቶ ማን በየቀኑ ማሽኑ ውስጥ እንደሚገባ አስፈተሸ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ የተገኘው የእርስዎ ስም ነው። ከቅርብ ቀን ወዲህ የሚታየውን «ጠራዥ» ለጥረዛ ሥራ የተከፈተ ነው ብሎ አለፈው። ትናንት በስብሰባ ላይ፣ ጡረተኛው ከሩቅ ሆኖ በደግነት ሲያስነሳልን ኖሯል፣ እንዲህ ግን አይቀጥልም፣ ስለዚህ «ባለሙያ የለም» ብለን እናቀርባለን አለ። ሁሉም የእርስዎን ደግነት አደነቁ። አራሚው ወደኔ አቅጣጫ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ። አሁንም ጠረገ። ከስብሰባው ስንወጣ ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ እያወቅሁ።

ዝም አልኩ፣ ጋሼ። ምን ብዬ ነው የምነሳው? ያ ሁሉ የተጻፈው በእርስዎ ስም ነው። እኔ ሙጫ የምቀባ ሴት ነኝ። እኔ ነኝ ብል የእርስዎን ሥራ እንደ መቀማት ይመስለኛል፤ ደግሞም ማን ያምነኛል?


ኅዳር 12

እህቴ፣

መስመሬ ቢጣመም ከአልጋ ላይ ስለምጽፍ ነው። ስለ ሆስፒታሉ አትጠይቂኝ፤ ምግቡ ጨው የለውም፣ ሌላው ደህና ነው።

የአትላሱን ታሪክ ለነርሷ በእጄ ምልክት እያሳየሁ አስረዳኋት። ምንም አልገባትም፤ ግን ስቃለች። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ያንን ቀስት ከሰው ሳይጠይቁ ያወቁ ሁለት ሰዎች አይቻለሁ። አንዱ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ጠይቄ ነው ያወቅሁት።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። በካፖርት መግባትና በሱዶ መሥራት ልዩነታቸው ይህ ነው፦ በኔ ካፖርት ስትገቢ ማሽኑ እኔ እንደመጣሁ ይጽፋል። በሱዶ ስትሠሪ ግን እያንዳንዷን ትእዛዝ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማንን ሆኖ እንዳዘዘ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሥራው የፕሬስ ነው፤ ያዘዘችው ጠራዥ ናት፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፋሉ። የኮምፒውተር ክፍሉ ሰውዬ ያየው የመግቢያውን መዝገብ ብቻ ነው። የሱዶው መዝገብ ለብቻው ነው።

ይህን ቀድሜ ብነግርሽ ኖሮ ስሜ ይጻፋል ብለሽ ማሽኑን ሳትነኪው ትቀሪ ነበር። ውሸት ነው በዪኝ።

ዝርዝሩ ላይ በስምሽ ሁለት መስመር ነው የጻፍኩት። አንዱን ታውቂዋለሽ። ሁለተኛው፣ ጠራዥ እንደ ሩት ሆና አንዲት ነገር ብቻ ማድረግ ትችላለች ይላል፤ ያን መዝገብ ማንበብ። ትእዛዙ ከሥር አለ፣ ከነሳጥኖቹ። ማንበብ ብቻ ነው የምትችይው። መሰረዝ አትችይም፤ ሆን ብዬ ነው። ይሰረዝልኝ ያልሽው ጥፋትሽም እዚያው አለ፣ እዚያው ይኑር።

ሄደሽ ተናገሪ አልልሽም። ዝምታ የምትወጂ ሴት ነሽ፤ በዚህ ዕድሜሽ ላስተካክልሽ አልነሳም። መዝገቡን አውጪና አስቀምጪላቸው። ቀማሁ ያልሽውን ነገር ግን ደግመሽ እንዳትጽፊልኝ። እኔ ሁለት ዓመት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይ ስሞቅ ነው የኖርኩት።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ጋሼ፣

ልጅዎ ወደ ቤት መመለስዎን ጽፋልኛለች። ሰላምታውን ሁሉ በአንድ ላይ አጠራቅመው ይውሰዱልኝ፤ ወሬዬ ብዙ ስለሆነ ወረቀት እንዳያልቅብኝ ነው።

ከትናንት ወዲያ ተቆጣጣሪዋ መጣች። አጠር ያለች፣ ቀይ ማህደር የያዘች፣ ሰው ሲናገር ዓይኑን የምታይ ሴት ናት። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሥራ አስኪያጁ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ሰውዬ፣ አራሚው ተቀመጡ፤ እኔ በሩ አጠገብ። ሥራ አስኪያጁ የተዘጋጀውን አነበበ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ በቦታው የለም፤ መጋዘን ይግባ።

ሌላ የሚናገር አለ ወይ ስትል አራሚው እጁን አነሳ። የሱዶውን መዝገብ ያን ዕለት ጠዋት አትሜ ሰጥቼው ነበር። ግን መዝገቡን በቀለም ማተሚያው አላተምኩትም፤ ለግንደ ቆርቁር ነው የሰጠሁት። እንዲህ ያደረግሁት ተንኮል አስቤ አይደለም። እንዲያነብልኝ የፈለግሁት አራሚው ስለሆነ ነው። ተቆጣጣሪዋ ተቀበለችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ይህ ባዶ ወረቀት ነው» አለች።

«ለእርስዎ ነው ባዶ የሆነው» አላትና እጁን ዘረጋ።

ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ጥቅምት 20፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ጠራዥ፣ እንደ ፕሬስ፣ ምዕራፍ አንድን አተመች። ጥቅምት 20፣ ጠራዥ፣ እንደ ሩት፣ አልተፈቀደላትም። እዚህች ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ። ጥቅምት 21፣ አንድ ሰዓት ከአሥር። ጥቅምት 22፣ አንድ ሰዓት ከአሥር። ሦስት ቀን ሙሉ በቀስቷ ስታገል፣ ቀስቷን እየተውኩ ያዘዝኩት አርባ አንድ ጊዜ ተራ በተራ ተነበበ፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ሰውዬ እየቆጠረ ነበር። ከዚያ የቲ መስመር መጣችና ያ ሰውዬ ቀና ብሎ «ይህን ማን ነገራት?» አለ። አራሚው «አትላስ» ብሎት ንባቡን ቀጠለ።

ተቆጣጣሪዋ፣ ያልተፈቀዱትን መስመሮች ከመዝገቡ ለምን አላወጣችሁም ብላ ጠየቀች። አራሚው፣ ማውጣት አትችልም፣ ብትችልም አታወጣም፣ ገና አላወቋትም አላት።

መዝገቡ አለቀ። አሁን በቃ ብዬ ትንፋሼን ስመልስ ተቆጣጣሪዋ ማህደሯን ከፈተች። ይህ የአንድ ወር ነው አለች። ከዚያ በፊት ያለው ሁለት ዓመት በጡረተኛው ስም ነው የተመዘገበው። ወር የሠራ ሰው ባለሙያ ነው ብዬ አልፈርምም፤ ሁለት ዓመቱን የሠራው ማን ነው?

ለዚህ ወረቀት አልነበረኝም። መዝገቡ የሚያውቀው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የእርስዎን ስም የጻፈው እጄ ጭኔ ላይ ነበር፤ አየሁት፣ ጥፍሩ ላይ ሙጫ አለ። ተነሳሁ።

«እሱም እኔ ነኝ» አልኩ።

በምን እናውቃለን አለች። በክፋት አልነበረም የጠየቀችው፤ መጠየቅ ስላለባት ነው። ያን ጊዜ አራሚው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና እንዲህ አላት፦ «ጋሼ ሲቀመጥ ወንበሩን ይጎትተዋል፤ ሃያ ዓመት ጆሮዬን በልቶታል። እሷ ታነሳዋለች። ሁለት ዓመት ሆኖኛል ያ ወንበር ሲጎተት ካልሰማሁ።»

ተቆጣጣሪዋ ተነስታ ወደ ማሽኑ ክፍል እንውረድ አለች። ሁላችንም ወረድን። ወደ ኪቦርዱ አመለከተችኝ። ወንበሩን አንስቼ አስጠጋሁና ተቀመጥኩ። አራሚው «ሰማችሁ?» አለ። ማንም ምንም አልሰማም። «እሱን ነው የምላችሁ» አለ።

ሱዶ አልኩ፣ እንደ ፕሬስ አልኩ፣ ቃሌን ሰጠሁ። ግንደ ቆርቁር ስለ ልብ የሚናገረውን ምዕራፍ ማንኳኳት ጀመረ። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን አውጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን አስኬደችበት። ምንም እንዳላነበበች አውቃለሁ። ግን እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ ሄደች። ከዚያ ማህደሯን ደረቷ ላይ አስደግፋ ፈረመች።

ይቀራል፣ ጋሼ! ግንደ ቆርቁር ከቦታው አይነቀልም! ባለሙያ በሚለው መስመር ላይ ጠራዥ ተብሎ ተጽፏል፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው የጻፈው፣ ብዕሩ አልሠራ ብሎት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ። ቅጽ ሦስትን ጨርሰናል። ለሃያ ሁለቱም ይደርሳቸዋል።

አሁን የቆየሁበትን ነገር ልጻፍ። የሩትን ቃል ተቆጣጣሪዋ ከዋናው መሥሪያ ቤት በታሸገ ፖስታ ይዛ ስለመጣች፣ በዚያው ቀን የኮምፒውተር ክፍሉ ሰውዬ ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ መስመር ጨመረልኝ። ተቆጣጣሪዋ የመጀመሪያ ሥራሽ ነው ብላ ያዘዘችኝ፣ የለቀቀ ሰው መግቢያ ክፍት መቆየት ስለሌለበት የእርስዎን እንድዘጋ ነው። ሰውዬው እኔ ላድርገው አለኝ። አይሆንም አልኩት። የእርስዎን ቁልፍ መቀየር አቅቶኝ ስምንት ቀን ሥራ ያስቆምኩ ሴት፣ ሌላ ሰው ሲዘጋው ቆሜ ማየት አልቻልኩም። በስሜ፣ በቃሌ፣ እንደ ሩት ሆኜ ቆለፍኩት። አልሰረዝኩትም። የሠሯቸው ሁሉ በስምዎ እንዳሉ አሉ፤ የተዘጋው በሩ ብቻ ነው። መዝገቡም ጽፎታል፦ ኅዳር 26፣ አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ጠራዥ። ካፖርትዎን አቧራውን አራግፌ ሰቅየዋለሁ።

ከዚህ ጋር የቅጽ አንድን የመጨረሻ ገጽ ልኬልዎታለሁ። በየመጽሐፉ መጨረሻ ማን እንዳዘጋጀ፣ ማን እንዳረመ፣ ማን እንዳተመ የሚጻፍበት ገጽ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰባተኛው መስመር፣ «ያተመው» የሚለው ላይ፣ የሚወጣው የእርስዎ ስም ነበር። ነጥቡን በዓይንዎ ማንበብ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ አራሚው ግን በዓይን ማንበብ የሰነፍ ነው ይላል። ዓይንዎን ይጨፍኑና በጣትዎ ሰባተኛው መስመር ላይ ይድረሱ። ነጥቡ ጠንከር ያለ ነው።

እህትዎ ጠራዧ